ፊደል በነጥብ መረብ ላይ፦ የግዕዝ ፒክስል ፎንት ጥያቄ ከአራዳ ሲታይ

በካሬ ነጥብ የተሣለውን የድሮ ጌም መልክ መርጦ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ሥዕሉን ይወጣዋል። ዶሮም፣ ሰማያዊና ነጭ ታክሲም፣ የራስ መኮንን ድልድይም በጥቂት ነጥብ ሊሣሉ ይችላሉ። ችግር የሚገጥመው «ጀምር»፣ «ጊዜ»፣ «ቀጥል» የሚሉትን ቃላት ስክሪኑ ላይ ለማስቀመጥ ሲሞክር ነው። ለላቲን ፊደል ነጻ የፒክስል ፎንት ሞልቷል። ለግዕዝ ፊደል ያለው በጣት ይቆጠራል፤ ከእሱም አብዛኛው ለጌም ታስቦ የተሠራ አይደለም።

ነገሩ የፎንት እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ታታሪ ነዳፊ በጥቂት ወራት ይዘጋው ነበር። ከሥሩ ግን የቆየ ክርክር አለ፦ ፊደሉን ለሳጥኑ እንከርክመው ወይስ ሳጥኑን በፊደሉ ልክ እንሥራው? ይህ ጥያቄ በእርሳስ ፊደል፣ በጽሕፈት መኪና፣ በመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮችና ዛሬ በየሱቁ ደጃፍ በሚንሸራተተው የመብራት ጽሑፍ ላይ በተለያየ መንገድ ተመልሷል። የማተሚያው፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውና የቴሌቪዥኑ ታሪክ በአንድ ሠፈር የተገናኘው አራዳና ፒያሳ ላይ ስለሆነ፣ ነገሩን ከዚያ ተነስቶ መመልከት ይቀላል።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ነገሮች

«ፒክስል ፎንት» በሚለው ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ። አንዱ እውነተኛው ቢትማፕ ፎንት ነው። እያንዳንዱ ፊደል የበሩና የጠፉ ነጥቦች ሠንጠረዥ ሆኖ ይቀመጣል። 16 በ16 የሆነ ፊደል 256 ነጥብ አለው፤ አንዱ ነጥብ አንድ ቢት ስለሚወስድ ፊደሉ በ32 ባይት ያልቃል። መጠኑ እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን ግን አንዱ እግር ወፍሮ ሌላው ይቀጥናል።

ሌላው ፒክስል መሰል ፎንት ነው። ውስጡ እንደማንኛውም የዛሬ ፎንት በመስመር የተከበበ ቅርጽ ሆኖ፣ መስመሮቹ የካሬዎቹን ጠርዝ ብቻ ተከትለው ይሄዳሉ። በጎግል ፎንትስ የሚገኘው «ፕሬስ ስታርት 2ፒ» የዚህ ዓይነት ነው። እንደ ዩኒቲና ጎዶት ያሉ የጌም መሥሪያዎች እንደ ተራ ፎንት ያነቡታል።

የቀረው ማንም ያልነደፈው ነው። ለወረቀት የተሣለ ፎንት ወደ 12 ወይም 16 ነጥብ ከፍታ ተጨምቆ፣ ጠርዙን የሚያለሰልስ ግራጫ ጥላ ሳይኖረው ሲወጣ የሚፈጠር የተሰባበረ መልክ ነው። ይህን ሦስተኛውን አይቶ «የእኛ ፊደል በፒክስል አያምርም» ብሎ መደምደም የተለመደ ነው፤ ልክ ግን አይደለም። በዚያ መልክ ላይ አንድም ነጥብ በሰው ውሳኔ አልተቀመጠምና ስለ ፊደሉ ምንም አይመሰክርም። ቢትማፑን የሚገድበው መሣሪያው ነው፤ ፒክስል መሰሉን የሚገድበው የነዳፊው ሥርዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ አንዱ የቀረበ ማስረጃ ሌላውን ሊወክል አይችልም።

ከብርሃንና ሰላም እስከ ማዘጋጃ ቤት

በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ዛሬም ያለው በአራዳ ክፍለ ከተማ ነው። በእርሳስ ዘመን እዚያ የነበረው ፊደል ለቃሚ ከፊቱ የሚያገኘው የአማርኛ ገበታ 33 ቤት በ7 ረድፍ፣ ማለትም 231 ቅርጽ፣ በዚያም ላይ ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን ነበር። ሥራው አድካሚ ነው። ለፊደሉ ግን ትልቅ ክብር ነበረው፦ እያንዳንዱ ቅርጽ ሙሉ ሆኖ ይቀረጻል፣ የራሱ ስፋት አለው፤ «ጤ» እና «ነ» እኩል ቦታ እንዲይዙ የሚያስገድድ ነገር የለም።

የጽሕፈት መኪና ይህን ሥርዓት ገለበጠው። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ በፊት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙበት ዋና እንቅፋት የቁልፍ ቁጥር ነበር። በአንድ መኪና ላይ ያሉት ቁልፎች ሁለት ሁለት ቅርጽ ቢሸከሙም ጠቅላላው መቶ አይሞላም። መፍትሔው ፊደሉን በክፍል በክፍል መገጣጠም ሆነ፦ አካሉ በአንድ ምት፣ የካዕቡ ጭረት ወይም የኃምሱ ቀለበት በሌላ ምት። ኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የተስፋፉት የኦሊቬቲ መኪኖችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። በማዘጋጃ ቤትና በፍርድ ቤት ደጃፍ በመኪና የተጻፈ ማመልከቻ ያነበበ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል፤ ጭረቱ ከእግሩ ይርቃል፣ ቀለበቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሁሉም ፊደል አንድ ዓይነት ስፋት ይይዛል። ተነባቢ ነበር፤ አገርም አስተዳድሯል። ቅርጹ ግን የመኪናው እንጂ የጸሐፊው አልነበረም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከፒያሳ በላይ ባለው በማዘጋጃ ቤቱ ሕንጻ ውስጥ ነው። ፊደል በቤት ውስጥ ስክሪን ላይ በብርሃን መስመር ተከፋፍሎ መታየት የጀመረው ከዚያ ነው። ለፒክስል ፎንት ታሪክ ይህ መነሻ ከሚገባው ያነሰ ትኩረት አግኝቷል ብዬ አምናለሁ፤ በስክሪን ላይ ስስ አግድም መስመር እንደሚጠፋና ወፍራም ቋሚ መስመር እንደሚጸና ከማንም በፊት በየቀኑ ያዩት የቴሌቪዥን ጽሑፍ አዘጋጆች ናቸውና።

ኮምፒዩተሩ ሲመጣ የቁልፉ ችግር በቦታ ቁጥር ችግር ተተካ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ፊደሉን ኮምፒዩተር ላይ ለማስገባት የደከሙት፣ ከእነሱም መካከል ፍስሐ አጥላውና ዶ/ር አበራ ሞላ፣ ያገኙት ዓለም በአንድ ጊዜ 256 ቅርጽ ብቻ የሚያውቅ ነበር። 231 የአማርኛ ፊደል፣ 52 የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ 10 ቁጥር፤ ድምሩ 293 ነው፣ ሥርዓተ ነጥብም ዲቃላም ሳይቆጠር። የቪጂኤ ካርድ 512 ቅርጽ መያዝ ይችል ነበር፤ ዋጋው ግን ከቀለም ግማሹን መተው ነው። ከዊንዶውስ በኋላም አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፋይል ከፈሉት፤ ሌሎቹ የጽሕፈት መኪናውን ዘዴ መልሰው ጭረቱን ለብቻ አስቀመጡት።

የዓለም ፊደላት የኮምፒዩተር መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ 3.0 በ1999 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ፤ እያንዳንዱም ቅርጽ ሙሉ ሆኖ ተመዘገበ። በዚህ ውሳኔ ፊደሉ ወደ እርሳሱ ሥርዓት ተመለሰ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ዛሬም «ቤ»ን የምንጽፈው ሁለት ቁልፍ ነክተን ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን አንድ ቅርጽ ነው። መገጣጠሙ በጣት በኩል ቀርቷል፣ ከዓይን በኩል ወጥቷል። በፒክስል ፎንት ክርክር ውስጥ «ፊደሉ በተፈጥሮው ተገጣጣሚ ነው» የሚሉ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ሲቀላቅሉ ይታያል።

የስምንት ነጥብ ሳጥን

የድሮ ጌም ጽሑፍ ሲባል በዓለም ዙሪያ ዓይን የለመደው ቅርጽ ምንጩ ይታወቃል። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኩዊዝ ሾው» የተባለ የአርኬድ ጨዋታ ውስጥ የነበረው የ8 በ8 ፊደል፣ በኋላ የጃፓኑ ናምኮ በጨዋታዎቹ ውስጥ ሲጠቀምበት ዓለምን ሞላ። ቶሺ ኦማጋሪ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአርኬድ ፊደላት መጽሐፍ ይህን የዘር ሐረግ በዝርዝር አሳይቷል። ሳጥኑ 8 የሆነው ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ ነው፤ አንድ ረድፍ በአንድ ባይት ያልቃል። ፊደሉ ራሱ 7 በ7 ሆኖ፣ የቀረው አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ጎረቤቶቹን ይለያል። የኔንቴንዶ የቤት መጫወቻ ሥዕሉን የሚገነባው ከእነዚሁ 8 በ8 ጡቦች ሲሆን፣ አንዱ ሠንጠረዥ 256 ጡብ ይይዛል።

ይህ ሳጥን ለላቲን ትላልቅ ፊደላት ተስማሚ ሆኖ የተገኘው 26 ብቻ ስለሆኑና ከእነሱ ብዙዎቹ በሁለት ቋሚና በሁለት ሦስት አግድም መስመር ስለሚያልቁ ነው። ጃፓኖች በዚያው ሳጥን ውስጥ ካና ፊደላቸውን አስገቡ፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው «ድራገን ኩዌስት» ቦታ ለመቆጠብ የካታካና ፊደሎቹን ሳይቀር መርጦ ነበር የተጠቀመው። ለካንጂ ግን ሳጥኑን ቀየሩ። ባለ16 ነጥብ ቅርጽ በ1984 እ.ኤ.አ. የአገር ደረጃ ሆኖ ወጣ (ኋላ ጄአይኤስ ኤክስ 9051 የተባለው)፤ ለ24 ነጥብም ሌላ ደረጃ ነበረ። በሌላ ወገን ደግሞ ካንጂን ሳይቀር በ8 በ8 የሚያሳይ «ሚሳኪ» የተባለ የጃፓን ፎንት አለ፤ ቋንቋውን አጥርተው የሚያውቁ አንባቢዎችም ከዐውዱ እየገመቱ ያነቡታል። ስለዚህ የጃፓን ልምድ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሰጣል፦ የለመደ ዓይን በጣም ትንሽ ቅርጽ ያነባል፤ መንግሥትና ኢንዱስትሪ በቁምነገር ሲያስቡት ግን 16ን መረጡ።

የማስታወሻ ቦታ ነገር በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጋነናል። 231ዱ የአማርኛ ፊደላት በ16 በ16 ሲሣሉ 7,392 ባይት ይፈጃሉ። የጃፓን ደረጃ የያዛቸው 6,355 ካንጂዎች በዚሁ መጠን 203,360 ባይት ይወስዳሉ። የእኛ ፊደል በዚያ ሚዛን ቀላል ነው። እውነተኛው ገደብ በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚቀመጠው የጡብ ብዛት ነው፤ 231 ፊደል በአራት አራት ጡብ 924 ጡብ ይሆናልና ከ256ቱ ጋር አይገጥምም። ለዚህም መላ አለ፤ በዚያ ገጽ ላይ ያሉትን ፊደላት ብቻ እየጫኑ መሄድ ነው።

እግር፣ ቀለበት፣ ጣሪያ

አሁን ወደ ፊደሉ አካል እንግባ፤ የክርክሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። «ጠ» ሦስት እግር አላት። ሦስት እግር ባንድ ባንድ ነጥብ፣ በመካከላቸው ሁለት ክፍተት፤ ድምሩ 5 ነጥብ ስፋት። ኃምሷ «ጤ» በቀኝ እግሯ ሥር ቀለበት ትጨምራለች። ቀለበት ቀለበት እንዲባል መሐሉ ክፍት መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከ3 በ3 ሊያንስ አይችልም። ቀለበቱ ከእግሩ ጋር አንድ ዓምድ ከተጋራ ስፋቱ 7 ይሆናል፣ ካልተጋራ 8። በስምንት ሳጥን ውስጥ የመጀመሪያው በጭንቅ ይገባል፤ ሁለተኛው ከጎረቤቱ ፊደል ጋር ይጣበቃል።

መግባቱ ብቻውን በቂ አይደለም። የሣልሱ ምልክት በእግር ሥር ያለ አጭር ጭረት ነው፣ የኃምሱ ደግሞ ቀለበት። በትንሹ ሳጥን «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በአንድ ጭረትና መሐሉ አንድ ነጥብ ብቻ ክፍት በሆነ ቀለበት ነው። ያ አንድ ነጥብ በስክሪን ብርሃን ከደመቀ ወይም ከተሞላ ኃምሱ ወፍራም ሣልስ ይሆናል። በጌም ስክሪን ላይ ከሚዘወተሩት ቃላት አንዱ «ጊዜ» መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሣልስና ኃምስ ጎን ለጎን የተቀመጡበት ቃል ነው።

«በ» እና «ሰ»ም እንዲሁ። በብርዕ ሲጻፉ የአንዷ ጫፍ ጠፍጣፋ፣ የሌላዋ ጉልላት ነው። በ5 ነጥብ ስፋት ልዩነቱ ወደ ሁለት የማዕዘን ነጥቦች ይወርዳል። በ«ሰ» ላይ ጣሪያ ሲጨመር «ሸ» ይሆናል፤ «ነ»ም «ኘ»፣ «ዘ»ም «ዠ»። ጣሪያው አንድ ረድፍ ከላይ ይወስዳል። ራብዑ ደግሞ ከታች ይጠይቃል፦ «ሻ» የግራ እግሯ አጥሮ ቀኟ መርዘም አለበት፤ ልዩነቱ ለዓይን እንዲሰማ ሁለት ረድፍ ያስፈልጋል። ጣሪያ፣ ጉልላት፣ እግር፣ የእግር ማጠር፤ በ7 ረድፍ ውስጥ ሁሉም ይገባል ብሎ መከራከር ይቻላል፣ በእርግጥም በወረቀት ላይ ይገባል። ነገር ግን ከሁለት እስከ ሦስት ረድፍ ብቻ የቀረው እግር ፊደሉን ድንክ ያደርገዋል።

በ16 በ16 ሳጥን ሒሳቡ ሌላ ነው። ሦስት እግር ሁለት ሁለት ነጥብ ወፍሮ 6፣ ሁለት ክፍተት ሁለት ሁለት ሆኖ 4፣ ለቀለበት 4፤ ድምሩ 14። ከ16 ሁለት ይተርፋል። አግድሙ አንድ፣ ቋሚው ሁለት ነጥብ መሆን መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። በብራና ላይ በመቃ ብርዕ የተጻፈ ፊደል መለያው ወፍራም ቋሚና ስስ አግድም ነውና። 16 ነጥብ የብርዑን ጠባይ ለመሸከም የሚበቃው የመጀመሪያው መጠን ነው፤ ከዚያ በታች ሁሉም መስመር እኩል ይቀጥናል።

ከማሽን ንባብ ምርምር የሚመጣ ማስረጃም አለ። ወርቁ ዓለሙ በ1997 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጀመሩት መስመር፣ በኋላም ሚሊዮን መሸሻ ከሲ. ቪ. ጃዋሃር ጋር በሠሯቸው ጽሑፎች፣ የአማርኛ ፊደልን ለኮምፒዩተር አስቸጋሪ የሚያደርጉት የቅርጾቹ ብዛትና እርስ በርስ መመሳሰላቸው መሆኑ ተደጋግሞ ተነስቷል። ኮምፒዩተር የሚያነበው እንደ ሰው ስላልሆነ ማስረጃው ቀጥተኛ አይደለም። ሰው «ቢት» የሚመስል ነገር ከ«ወርቅ» ቀጥሎ ቢያይ «ቤት» ብሎ ያነበዋል። ጌም ውስጥ ግን ብዙው ጽሑፍ ብቻውን የሚቆም ቃል ነው፤ ዐውዱ ይጎድለዋል።

መቀነስ፣ መገጣጠም ወይስ ማስፋት

አንደኛው አቋም ፊደሉን መቀነስ ነው። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ከነዘራቸው ብንተው 35 ቅርጽ ይቀንሳል፣ 196 ይቀራል። የዚህ አቋም ሥር ከኮምፒዩተር በፊት ነው፤ የፊደል ማሻሻል ክርክር ከጽሕፈት መኪናው ጋር አብሮ አድጓል። ለጌም ሲመጣ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። 196ም ቢሆን በአራት አራት ጡብ 784 ይሆናልና ከ256 ጋር አሁንም አይገጥምም። በዚያ ላይ ከባዶቹ ቅርጾች፣ «ጤ»ን እና «ሼ»ን የመሳሰሉት፣ አንዳቸውም አይቀነሱም። የሥነ ጽሑፍ ክርክሩን ለባለቤቶቹ እንተወውና፣ የፒክስሉን ችግር ግን አይፈታም።

ሁለተኛው መገጣጠም ነው፦ 33 አካል ለብቻ፣ የአናባቢ ምልክቶቹ ለብቻ፣ ስክሪን ላይ ሲገናኙ ፊደል። በወረቀት ላይ ውብ ቁጠባ ይመስላል። ካዕብና ሣልስ በአብዛኛው ይታዘዛሉ። ሳድሱ ግን ሕግ አይገዛውም፤ ል፣ ር፣ ስ፣ ን፣ ም እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ይታጠፋሉ። ሳብዑም እንዲሁ፤ «ቦ» በእግር ርዝመት ትለያለች፣ «ሮ» እና «ኖ» በራስ ላይ ባለ ቀለበት። ራብዑ ሁለትና ሦስት እግር ባላቸው ላይ እግር ያስረዝማል፣ አንድ እግር ባላቸው ላይ እግር ያጥፋል። በመጨረሻ ከሰባቱ ረድፍ ቢያንስ ሦስቱ ለብቻ መሣል አለባቸው፤ ቁጠባው ይሟሟል። የጽሕፈት መኪናው ይህን ዋጋ የከፈለው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ነው። ዛሬ ያ ግዴታ የለም።

የማስፋት አቋም በውስጡ ይከፋፈላል። አንዳንዱ ስፋቱን 8 ላይ ይዞ ቁመቱን ወደ 16 ያሳድጋል፤ ይህ የኮምፒዩተር ተርሚናል ልማድ ነው፣ 231 ፊደል በ3,696 ባይት ያልቃል። ጣሪያና እግር ይተነፍሳሉ፤ ጤ ግን እንደተጨናነቀች ትቀራለች። ሌላው 16 በ16 ሙሉ ሳጥን ይሰጣል፤ ጤ ትዝናናለች፣ «ነ» እና «ገ» ግን በባዶ ሜዳ መካከል ይቆማሉ። የቀረው ቁመቱን አጽንቶ ስፋቱን ለየፊደሉ ይለቃል።

ዛሬ ያሉት ሥራዎች ወደ ትልቁ ሳጥን ያደላሉ። ጂኤንዩ ኢማክስ ለተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም የተዘጋጀው የዓለም አቀፍ ፎንቶች ጥቅል ሁለት የኢትዮጵያ ቢትማፕ ፎንቶች አሉት፤ አንዱ ባለ16፣ ሌላው ባለ24 ነጥብ። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ፊደሉን የሚያስተናግደውን ክፍል የጻፈው ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ ነው፤ ከካንጂ ጋር የታገለ አገር ሰው የእኛን ፊደል ችግር ፈጥኖ መረዳቱ አያስደንቅም። ሮማን ቺቦራ በ1998 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዩኒፎንት የተባለው ቢትማፕ ፎንትም ሁሉንም የዓለም ፊደል በ16 ነጥብ ቁመት ያስቀምጣል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በዚያው ዘመን ያዘጋጁት ሴራ ደግሞ ሌላ መንገድ ነበር፤ ፊደሉ በማይታይበት ስክሪን ላይ በላቲን ቁምፊ የመጻፍ ሥርዓት። የፒክስል ፎንት አለመኖር ምን ያህል ሩቅ እንደሚወስድ ከዚያ ይታያል።

ለጌም የእኔ ፍርድ ወደ ተለዋዋጭ ስፋት ያጋድላል፤ ቁመት 16፣ ስፋት ከ7 እስከ 15። ፈታኙ ተቃውሞ ቦታ ይበላል የሚለው ነው። ቁጥሩ ግን አይደግፈውም። አማርኛ አናባቢውን በፊደሉ ውስጥ ስለሚይዝ ቃላቱ አጭር ናቸው። «ቀጥል» በሙሉ 16 ሳጥን 48 ነጥብ ይወስዳል፤ የእንግሊዝኛው አቻ በስምንት ፊደል 64። «ውጣ» 32 ነው፣ አቻውም 32። «ጀምር» ብቻ በ8 ነጥብ ይበልጣል። ወደ ጎን የሚጠፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሚጠፋው ወደ ታች ነው፦ 160 በ144 በሆነው የጌም ቦይ ስክሪን 18 የነበረው መስመር 9 ይሆናል። ረጅም ንግግር ያለበት ጨዋታ ይህን ይሰማዋል፤ ሩጫና ዝላይ ያለበት አይሰማውም።

በእጅ መሣል ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው ሥራ እንደሚፈራው አይደለም። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ እንደ ዓረብኛ በቃል ውስጥ ባለው ቦታ ቅርጹን አይቀይርም። የጌም መሥሪያው ቅርጹን ካገኘ ያሳየዋል። በየስክሪኑ የሚታየው ባዶ ሳጥን የሚመጣው ፎንቱ ውስጥ ፊደሉ ስለሌለ ብቻ ነው።

በሱቅ ደጃፍ ላይ ያለው ማስረጃ

የግዕዝ ፒክስል በአዲስ አበባ የለም ማለት ስህተት ነው። ፒያሳ ላይ ከፋርማሲ፣ ከሆቴል፣ ከወርቅ ቤት ደጃፍ በላይ በቀይ ወይም በአረንጓዴ የሚንሸራተተው የኤልኢዲ ጽሑፍ እሱ ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚውለው ፒ10 የሚባለው ሰሌዳ 32 በ16 ነጥብ ነው። «ወርቅ ቤት» በአማካይ 11 ነጥብ ስፋት ቢጻፍ፣ አምስቱ ፊደላትና መሐል ያለው ክፍተት በሁለት ሰሌዳ፣ በ64 ነጥብ ውስጥ ይገባሉ። የ16 ረድፍ ጥያቄ ከተማው ውስጥ መልስ አግኝቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ጉድለቱ ቅርጹን ማንም አለመሣሉ ነው። የሰሌዳው ሶፍትዌር በኮምፒዩተሩ ያለውን የወረቀት ፎንት ወስዶ፣ ከግማሽ ነጥብ በላይ የሆነውን ያበራል፣ ያነሰውን ያጠፋል። እንደ ኒያላ ያለ የብርዕ ጠባይ ያለው ፎንት ስስ አግድሞቹን በዚህ ወንፊት ያጣል፤ አንዱ እግር ሁለት ነጥብ፣ ጎረቤቱ አንድ ይሆናል። በርካሽ ባለቁልፍ ስልኮች ላይ የነበረው አማርኛ የተሻለ ነበር፤ ቴክኖ በአገር ውስጥ ከገጣጠማቸው ስልኮች መካከል የአማርኛ ዝርዝር ያላቸው ብዙ ሰው እጅ ገብተዋል፣ በዚያ ጠባብ ስክሪን ፊደሉ የሚነበብ መሆን ነበረበት። ሚሊዮኖች በየቀኑ ያነበቡት የግዕዝ ቢትማፕ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ቅርጾቹን ሰብስቦ ያጠናቸው ሥራ እስካሁን በእጃችን አለመኖሩ ያሳዝናል።

የማን ትዝታ

«ሬትሮ» የሚለው ስሜት ያለፈ ነገር ይፈልጋል። በቲቪ ጌም ያደገው የአዲስ አበባ ልጅ የተጫወተው በላቲን ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል የ8 ቢት ዘመን አልነበረውም። ስለዚህ ሁለት መንገድ ይከፈታል። አንደኛው ያ ዘመን ቢኖር ኖሮ ምን ይመስል ነበር ብሎ የናምኮን ቅርጽ ወደ ግዕዝ ማምጣት ነው፤ ወፍራም፣ ማዕዘናማ፣ እኩል ስፋት። ተጫዋቹ ወዲያው «የድሮ ጌም» ብሎ ያውቀዋል፤ ጥንካሬው ይኸው ነው።

ሌላው መንገድ ፊደሉ በእርግጥ ካለፈባቸው ስክሪኖችና ሰሌዳዎች መነሳት ነው፦ ከቴሌቪዥኑ ጽሑፍ፣ ከባለቁልፍ ስልኩ፣ ከኤልኢዲው፣ በእጅ ከተጻፉት የፒያሳ የሱቅ ሰሌዳዎች። እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው መንገድ 8 በ8ን ይዞ ይመጣልና ወደ «ጤ» እና «ሼ» ችግር ይመልሰናል። ነገር ግን ይህኛው ጊዜ የለውም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ በላያቸው የነበሩት ሰሌዳዎችም አብረው ሄደዋል። በግለሰቦች ፎቶግራፍ ውስጥ የቀሩት ካልተሰበሰቡ ነዳፊው የሚነሳበት ነገር ያጣል። የአገር ጨዋታ የአገር ተጫዋች እንዳለው ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገር ውስጥ ጌም ሠሪ በ«ኩኩሉ» ጨዋታው አሳይቷል፤ ፊደሉ ግን እስካሁን ያን ያህል አልተሠራበትም።

ያልተቋጩ ነገሮች

የግዕዝ ቁጥር ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? 20ዎቹ ምልክቶች ከላይና ከታች ሰረዝ ስላላቸው ቢያንስ ሁለት ረድፍ ለሰረዙ ይሄዳል፤ በ16 ቁመት ይቻላል፣ በ8 ምልክቱ ከአምስት ረድፍ በላይ አያገኝም። ከባዱ ግን ዜሮ አለመኖሩ ነው። 999 በግዕዝ ፱፻፺፱ ሲሆን አራት ምልክት ነው፣ 1,000 ደግሞ ፲፻ ሁለት ምልክት። ነጥቡ ሲያድግ ቁጥሩ ሊያጥር ይችላል። በፍጥነት የሚሮጥ ውጤት ላይ ይህ ተጫዋቹን ያደናግራል የሚሉ አሉ፤ ለደረጃ ቁጥር ግን፣ ከ፩ እስከ ፲፪ ላለው፣ ተቃውሞ የለኝም። ሁለት ነጥብን በቃላት መካከል ማስገባትም እንዲሁ አልተወሰነም፤ በትንሽ ስክሪን 3 ነጥብ ያህል ስፋት ይወስዳል፣ ባዶ ቦታም ያን ያህሉን ይወስዳል፤ ስለዚህ በቦታ ሰበብ መጣል አይቻልም።

ፎንቱ ለአማርኛ ብቻ ይሁን ወይ የሚለውም ክፍት ነው። ትግርኛ ቐን ይፈልጋል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 4.1 የተጨመሩት ቅርጾች ደግሞ በአብዛኛው ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ናቸው። 231ን ብቻ ሥሎ ማቆም ለነዳፊው ይቀላል፤ በኋላ ሌሎቹን መጨመር ግን የቁመት ልኩ አስቀድሞ ካልታሰበበት ሁሉንም እንደገና ያስለካል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የአንባቢው ዕድሜ ነው። እስካሁን የተነሳው ሁሉ ፊደሉን የሚያውቅ አዋቂን ታሳቢ ያደርጋል፤ እሱ የተሞላውን የ«ዜ» ቀለበት በልማዱ ያስተካክለዋል። ጌሙን የሚከፍተው ግን ብዙ ጊዜ ሀሁን ገና በመቁጠር ላይ ያለ ልጅ ነው። ያ ልጅ «ቢ»ን እና «ቤ»ን በ8 ነጥብ፣ በ12 ነጥብ፣ በ16 ነጥብ ሲያይ በስንቱ እንደሚሳሳት ለመለካት አንድ ክፍል ተማሪና ሦስት ዓይነት ካርድ ይበቃል። የሳጥኑን ትንሹን ልክ መወሰን ያለበት ከዚያ የሚገኘው ውጤት ነው።